የአጎቴ ካሴት ላይ የሚዘለለው ዘፈን፦ የዘ ካርስ «ግሬተስት ሂትስ»

ካሴት ከሳጥን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለቤቱ።

አጎቴ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ። ዋሽንግተን ውስጥ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ነው። ሲሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ጥላሁን አለ፣ ሙሉቀን አለ፣ አስቴር አለች፣ ኤፍሬም አለ። የፈረንጅ አንድ ብቻ ነው ያለው። የአሜሪካኑ ሮክ ባንድ የዘ ካርስ «ግሬተስት ሂትስ»፣ በ1985 የወጣው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።)

ይህን ካሴት በደንብ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴ ታክሲው ውስጥ ከጎኑ ያስቀምጠኝ ነበር። ሰው ሳይጭን ሲቀር ይህን ካሴት ይከፍታል። ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። እንግሊዝኛውን ሳልለምድ ዜማውን ለመድኩት።

አንድ ነገር ግን ያኔ አልገባኝም ነበር። አጎቴ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አምስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ካሴቱን አውጥቶ ይገለብጠዋል። ሁልጊዜ። መብራት ላይ ቢሆን፣ መንገድ ላይ ቢሆን፣ እጁን ሰዶ ይገለብጠዋል። ልጅ ስለነበርኩ ገጹ እዚያ ጋ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያገለገለ ቴፕ ገዝቼ ከነሙሉው ሰማሁት። አምስተኛው አለቀ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ኪቦርድ በቀስታ ገባ። «ድራይቭ» ነው። ሌላው ዘፈን ሁሉ ድምፁ ደክሟል፣ ከብርድ ልብስ ስር እንደሚጫወት ነው። ይኸኛው ግን ጥርት ብሏል። ከሱቅ ትናንት የወጣ ይመስላል።

አጎቴ ለምን እንደሚዘለው እገምታለሁ። የቆቦ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ባንድ የምታውቁት ካላችሁ ስለ እሱ ንገሩኝ፤ አንዱ ቦታ ፓወር ፖፕ ይሉታል፣ ሌላው ቦታ ኒው ዌቭ። ሁለተኛው፣ አጎቴን ደውዬ ልጠይቀው ወይስ ልተወው?


ሸክላ ሰብሳቢ (ስቶክሆልም)

እንኳን ጠየቅህ ወንድሜ። ከሃያ ዓመት በላይ የዚህን ዓይነት ሸክላ ስሰበስብ ኖሬአለሁ፣ በአማርኛ የሚያወራኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም።

ፓወር ፖፕ የሚለውን ቃል በ1967 ያመጣው የዘ ሁው ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዜማው ከቢትልስ የተማረ ነው፣ ጊታሩ ግን ይጮኻል። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። አዝማቹን አንዴ ሰምተህ ሁለተኛው ላይ አብረህ ትዘፍናለህ። በሰባዎቹ መጀመሪያ ባድፊንገር፣ ራስቤሪስ፣ ቢግ ስታር ነበሩ። በሰባዎቹ መጨረሻ ቺፕ ትሪክና ዘ ናክ መጡ። ዘ ካርስም የዚያን ጊዜ ናቸው።

በ1976 ቦስተን ውስጥ ተመሠረቱ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1978 ወጣ። ለንደን ሄደው ነው የቀዱት፣ ከኩዊን ጋር ይሠራ ከነበረው ፕሮዲውሰር ከሮይ ቶማስ ቤከር ጋር። «ጉድ ታይምስ ሮል» ላይ አጃቢዎቹ ድምፆች እንደ ግድግዳ ሲቆሙ ትሰማለህ፣ ያ የእሱ እጅ ነው። ኒው ዌቭ፣ ኪቦርድ የበዛበት የዚያ ዘመን ሮክ፣ የሚያሰኛቸው የግሬግ ሆክስ ኪቦርድ ነው። ኪቦርዱን አንሳውና «ማይ ቤስት ፍሬንድስ ገርል»ን ስማ። ጭብጨባው፣ ጊታሩ፣ አዝማቹ፣ ሁሉም ጥርት ያለ ፓወር ፖፕ ነው። ኒርቫና መጋቢት 1 ቀን 1994 ሙኒክ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን የከፈቱት በዚህ ዘፈን ነው።

ስብስቡን በተመለከተ ግን ቅሬታ አለኝ። እኔ ጋ ያለው ሲዲ 13 ዘፈን አለው። ከመጀመሪያው አልበም ሦስት፣ ከ«ሼክ ኢት አፕ» ሦስት፣ ከ«ሃርትቢት ሲቲ» አራት ወስደዋል። ከ«ካንዲ ኦ» እና ከ«ፓኖራማ» አንድ አንድ ብቻ! «ባይ ባይ ላቭ» የለም። «ሄሎ አጌን» እንኳን የለም፣ ቪዲዮውን አንዲ ዋርሆል የሠራው ዘፈን። ቅደም ተከተሉም በዓመት አይደለም፣ ከ1978 ወደ 1981፣ ከዚያ ወደ 1984 እየዘለለ ይሄዳል። ባንዱ እንዴት እንዳደገ መስማት ለሚፈልግ ሰው ይህ ከባድ ጉድለት ነው።


ማሂ ከአዲስ

እኔ ደግሞ መዝለሉን ነው የምወደው። ማንም ዘፈን በዓመት አሰልፎ አይሰማም።

22 ዓመቴ ነው። እነዚህን ሰዎች ያገኘኋቸው በስልኬ ነው። «ጀስት ዋት አይ ኒድድ» ሌላ ዘፈን ስሰማ ተከትሎ መጣ፣ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ይህን ስብስብ ከፈትኩ። አንድ ጥያቄ፣ ዘፋኙ አንድ ሰው ነው? አንዳንዱ ላይ ድምፁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንደ ጨነቀው ሰው ነው። «ድራይቭ» ላይ ደግሞ ፍጹም ሌላ ሰው ይመስለኛል።


ሸክላ ሰብሳቢ

ማሂ፣ ጆሮሽ ልክ ነው። ሁለት ናቸው። የሚንቀጠቀጠው ሪክ ኦኬሴክ ነው፣ ረጅሙ፣ ጥቁር መነጽር የሚያደርገው። ዘፈኖቹን የሚጽፈው እሱ ነው። ሁለተኛው ቤዝ የሚጫወተው ቤንጃሚን ኦር ነው። ከ13ቱ ሦስቱን ብቻ ነው የዘፈነው፦ «ጀስት ዋት አይ ኒድድ»፣ «ሌትስ ጎ» እና «ድራይቭ»።

ኦኬሴክ ራሱ የጻፈውን ዘፈን ለጓደኛው ሰጥቶ ከኋላ ቆሞ ጊታር ይመታለታል። አንድ ዘፈን የራስ ሆኖ ሳለ ለሌላ ሰው ድምፅ እንደሚገባ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። «ድራይቭ» አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል፣ በ1984።


ቤዚስቱ (አዲስ አበባ)

ሆቴል ውስጥ ነው የምጫወተው። የሌሊት ሥራ ነው፣ ስለዚህ አሁን ነው ያየሁት።

አጎትህ የሚያቆምበት አምስተኛው ዘፈን «ተች ኤንድ ጎ» ነው አይደል? እሱን አንድ ጊዜ በጣትህ እየቆጠርክ ስማው። ስንኙ ላይ ቤዝና ድራሙ በአምስት ነው የሚሄዱት። አዝማቹ ሲመጣ ወደ አራት ይመለሳሉ፣ ያኔ ደረትህ ይከፈታል። ፈረንጆቹ ይህን እንደ ከባድ ነገር ያወሩታል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ግን እግሬ ቀድሞኝ ገባ። የትግርኛ ምት በአምስት ነው የሚቆጠረው። ጓይላ ያደመጠ ሰው ለአምስት እንግዳ አይደለም። የቆቦ ሰው ደግሞ አማርኛውንም ትግርኛውንም ሰምቶ ነው የሚያድገው፣ ራያ ነዋ!

በዚህ ምት ላይ ቤዝ መያዝ ራሱ ሥራ ነው። ይህን የሚዘፍነው ኦኬሴክ ነው፤ ኦር ግን ራሱ በሚዘፍናቸው ላይ እየዘፈነም እየመታም ምቱ አይናጋበትም። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሞክሬ አውቃለሁ። አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል።

ሊድ ጊታሪስቱን ኤሊየት ኢስተንንም ስሙት። ግራኝ ነው። ሶሎው አጭር ነው፣ ስምንት ወይ አሥራ ስድስት ባር። መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ በአፍህ ልታዜመው ትችላለህ። ለተማሪዎቼ የምሰጠው እሱን ነው። ፍጥነት ለማሳየት ብሎ የነካው አንድ ክር የለም።


የቦስተኗ

አንብቤ ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

ቦስተን የገባሁት በ1983 ነው፣ በ13 ዓመቴ፣ ከእናቴ ጋር። ዘ ካርስ የከተማዋ ልጆች ናቸው። ገና አልበም ሳይኖራቸው የ«ጀስት ዋት አይ ኒድድ»ን የሙከራ ቅጂ ደብሊው ቢ ሲ ኤን በሚባለው ሬዲዮ ላይ ማክሳን ሳርቶሪ የምትባል አቅራቢ ደጋግማ ታጫውተው ነበር። ይህን ቦስተን ውስጥ የማይተርክ የለም። እኔ ስደርስ ዘፈኖቻቸው በየሱቁና በየአውቶቡሱ ነበሩ። እንግሊዝኛን ግማሹን ከእነሱ ነው የተማርኩት። አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ቃሉ ይደጋገማል። «ሼክ ኢት አፕ»ን ከነአጠራሩ በቃሌ ያዝኩት።

ከዚያ የ77ቱ ረሃብ መጣ። ጥቅምት 1984 ማይክል በርክ ከኮረም ዘገበ፣ መሐመድ አሚን ቀረጸ፣ ዓለም አየ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሜ ጠፋ። «ኢትዮጵያዊቷ» ሆንኩ። ምሳዬን ስከፍት ይሰበሰባሉ፣ ስበላ ለማየት። ቀልድ ያወራሉ። መምህራኑ ይሰማሉ፣ ያልፋሉ።

ሐምሌ 1985 ላይቭ ኤይድ ሆነ። ለኛ በተደረገ ኮንሰርት ደስ ብሎን ነበር። እናቴና እኔ ጎረቤት ቤት ሄደን ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ዴቪድ ቦዊ ለንደን ዌምብሌይ ላይ ዘፍኖ ሲጨርስ አንድ ፊልም አስተዋወቀ። ለፊልሙ ሰዓት እንዲገኝ ብሎ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቷል። ፊልሙ የካናዳው ሲቢሲ የቀረጸው ነው። የሰው ንግግር የለውም። «ድራይቭ» ብቻ ነው ከላይ የሚሄደው። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

እኔን የባሰብኝ ዘፈኑን ስለማውቀው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የወደድኩት ዘፈን ነበር። የጨነቃት ሴት ነበረች ዘፈኑ ውስጥ፣ ማን ቤቷ እንደሚያደርሳት የሚጠይቃት ሰው ነበረ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ጠፋ። ዘፈኑ ሌላ ነገር ሆነ። እኔም ከዘፈኑ ጋር ሌላ ነገር ሆንኩ።

ካሴቶቼን ለሰው ሰጠሁ። ባንዱን ከአሥር ዓመት በላይ አልሰማሁትም።


ሸክላ ሰብሳቢ

እህቴ፣ ያሳለፍሽውን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ በክፉ እንዳታይብኝ። ያ ፊልም እጅግ ብዙ ሰው እንዲሰጥ አድርጓል። «ድራይቭ» እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ወደ ሰንጠረዡ ገብቶ አራተኛ ደረጃ ደረሰ፣ ገቢውም ለዕርዳታው ሄደ። ዘ ካርስ ራሳቸው በዚያው ቀን ፊላደልፊያ ላይ ተጫውተዋል። ክፉ ሐሳብ የነበረው ሰው የለም። እህል የደረሰው ቤት ካለ፣ ያ ዘፈን ያን ቀን ከሌላው ዘፈን ሁሉ የበለጠ ሠርቷል እላለሁ።


የቦስተኗ

ወንድሜ፣ በክፉ አላየሁብህም። እህሉ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሁለቱ ነገር አብሮ መቆም ይችላል። ሰው ተረዳ፣ እኔ ደግሞ ስሜን አጣሁ። አንዱን ስናገር ሌላውን አልካድኩም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ፊቶቹ ስም ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ከዚያ ፊልም ውስጥ አንዲት ሕፃን ነበረች፣ ትሞታለች ተብሎ ተስፋ የተቆረጠባት። ብርሃን ወልዱ ናት። ተርፋ አደገች፣ ግብርና ተማረች። በ2005 ለንደን ላይ በላይቭ ኤይድ ተከታይ ኮንሰርት፣ በላይቭ ኤይት መድረክ ቆማ ሕዝቡን ሰላም ስትል አየኋት። ስሟን የሰማሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ያቺ የፊልሙ ልጅ» ነበረች።


የፒያሳ ቴፕ ጠጋኝ

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እኔ ስለ ዘፈኑ ብዙ አላውቅም። ቴፕና ካሴት ግን አርባ ዓመት ጠግኜአለሁ።

የኔ ልጅ፣ ስለ አጎትህ ካሴት አንድ ነገር ልንገርህ። ካሴት ሁለት ገጽ አለው እንላለን እንጂ ክሩ አንድ ነው። ክሩ በወርዱ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚቀዳው፣ አንዱ እኩሌታ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። ስለዚህ የፊተኛው ገጽ መጨረሻና የኋለኛው ገጽ መጀመሪያ እዚያው ክር ላይ ጎን ለጎን ናቸው። አጎትህ የመጨረሻውን ዘፈን ላለመስማት ቀድሞ ሲገለብጠው፣ የሌላውን ገጽ መጀመሪያ አያገኘውም። ክሩ ከዚያ አልፎ ነው የሚጀምርለት።

ይህ ማለት አጎትህ አንድ ዘፈን ሳይሆን ሁለት ነው ሳይሰማ የኖረው። ወደ ኋላ ካላጠነጠነው በቀር። ሄደህ የቢ ገጹን የመጀመሪያ ዘፈን ስማው። እሱም ጥርት ብሎ ከሆነ ነገሩ እንዳልኩህ ነው። ሲሄድ የኖረ ክር የቴፑን ሄድ፣ ድምፁን የሚያነበውን፣ እየታከከ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋበታል። ያልሄደው ይድናል።


ካሴት ከሳጥን

ጋሼ፣ አሁን ከቴፑ ፊት ተነስቼ ነው የምጽፍልዎ። ልክ ነዎት።

የቢ ገጽ የመጀመሪያው ዘፈን ጥርት ብሏል። «ቱናይት ሺ ካምስ» ይባላል። ለካ ለዚህ ነው ስሰማው እንግዳ የሆነብኝ! ከካሴቱ ላይ ይህን ዘፈን ብቻ አላውቀውም። የማላውቀው መሆኑ ገርሞኝ ደጋግሜ ሰማሁት። ልጅነቴን ሙሉ እዚያ ነበር፣ አጠገቤ። ደስ የሚል፣ የሚዘል ዘፈን ነው።

ከካሴቱ ፊትም ኋላም ሁለት ዘፈን ያህል ጸጥታ አጎቴ እየተሸከመ ሲነዳ ኖሯል ማለት ነው። አሁን ነው የገባኝ።


ሸክላ ሰብሳቢ

ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው! «ቱናይት ሺ ካምስ» እኮ የስብስቡ አዲሱ ዘፈን ነው። ሌሎቹ ሁሉ ከቀደሙት አልበሞች የመጡ ናቸው። ይህን ብቻ ለዚህ ካሴት ብለው ነው ያወጡት፣ አሜሪካ ውስጥ ሰባተኛ ደረጃ ደርሷል። የአሮጌ ዘፈን ስብስብ የሚገዛ ሰው አዲሱን ፍለጋ ነው አንዳንዴ የሚገዛው። አጎትህ ገዝቶት ሳይሰማው ኖረ።

ስለ ቅደም ተከተሉ የተናገርኩትንም ትቼዋለሁ። «ድራይቭ»ን የገጹ መጨረሻ ላይ ማድረጋቸው ትክክል ነው። ከእሱ በኋላ ወዲያው ሌላ ዘፈን መምጣት የለበትም። ተነስቶ ካሴት ለመገልበጥ የሚፈጀው ጊዜ ያስፈልጋል። ሲዲው ላይ ያ ጊዜ የለም። እስከ ዛሬ ሲዲውን ብቻ ስሰማ ስለኖርኩ አላስተዋልኩትም።


ማሂ ከአዲስ

እኔ ፊልሙን አላየሁትም ነበር። የቦስተኗ ከጻፉት በኋላ ፈልጌ አየሁት። እስከ መጨረሻው ማየት አቃተኝ።

ግን አንድ ነገር ልናገር፣ ይቅርታ ከተሳሳትኩ። እኔ «ድራይቭ»ን መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ዘፈን ብቻ ነው። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ብቻዋን ናት። ያኔ ትዝ ያለኝ እኛ ማታ ስንለያይ የምንባባለው ነው። ራይድ ውስጥ ስገባ ጓደኛዬ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብላ «ስትደርሺ ደውዪ» ትለኛለች። ታርጋውን ፎቶ ታነሳለች። እስክደውልላት አትተኛም። ዘፈኑ ለእኔ ያ ነው። «ስትደርሺ ደውዪ» የሚል ሰው የሌላት ሴት ናት።

ከፊልሙ በኋላ እንደገና ሰማሁት። አሁንም ያው ነው የተሰማኝ። እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ።


የቦስተኗ

ማሂዬ፣ ምንም አልተሳሳትሽም። ዘፈኑ መጀመሪያም ያ ነበር። እኔም በ14 ዓመቴ እንደዚያ ነበር የሰማሁት። መልሰሽ ሰጠሽኝ።

ያልጨረስኩትን ልጨርስ። በ1997 አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ይህን ሲዲ በቅናሽ አገኘሁት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ቤት ገብቼ ከፈትኩት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። መጀመሪያ የመጣው «ጀስት ዋት አይ ኒድድ» ነው፣ ያ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ጊታር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የ13 ዓመት ልጅ ሆንኩ፣ ቦስተን ውስጥ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ በፊት። «ሲንስ ዩር ጎን» መጣ፣ «ዩ ማይት ቲንክ» መጣ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ለመዝለል እጄን አነሳሁ፣ እጄ ሽንኩርት ነበር። ስታጠብ ዘፈኑ አለፈ። ሳልዘለው አለፈ።

ሌላ ስብስብ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። ዘፈኑን ብቻውን ከፍቼ አልሰማውም። አምስት ደስ የሚሉ ዘፈኖች ይዘውኝ ሄደው ነው እሱ ጋ ያደረሱኝ። ከእሱ በኋላም ሰባት ነበሩ። ለእኔ የዚህ ስብስብ ጥቅሙ ያ ነው። ያ ዘፈን የ12 ዘፈን ወንድም ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ ላይ ወንድም አልነበረውም።


ቤዚስቱ

እትዬ፣ ይህን አንብቤ ልምምድ ዘገየሁ።

ኦር ጥቅምት 3 ቀን 2000 በቆሽት ካንሰር ሞተ፣ በ53 ዓመቱ። የቀሩት አራቱ በ2011 አንድ አልበም ሠሩ። ሌላ ቤዚስት አባል አድርገው አላስገቡም። በ2018 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ገቡ፣ በቀጣዩ ዓመት ኦኬሴክም ሄደ። ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ፣ ቤዚስት ሲሞት ባንድ ቤዚስት ይቀጥራል። እነሱ ግን ቦታውን ክፍት ተዉት። ይህን ለባንዴ ልጆች ሁሌ ነው የምነግራቸው።

ካሴት ከሳጥን፣ አጎትህን ደውልለት። ስለ ስድስተኛው አትጠይቀው። ስለማያውቀው ስለ ሰባተኛው ንገረው።


የፒያሳ ቴፕ ጠጋኝ

ልጁ ልክ ብሏል። ትልቅ ሰው በጥያቄ አይከፈትም። የምታወራለት ነገር ይዘህ ሂድ።


ካሴት ከሳጥን

ሦስት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ደወልኩለት።

ካሴቱን ሰማሁት አልኩት። «አልተበላሸም?» አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስታቆም የሌላው ገጽ መጀመሪያ ያመልጥህ ነበር፣ አንድ ያልሰማኸው ዘፈን አለ አልኩት። ጋሼ እንዳስረዱኝ ስለ ክሩ አስረዳሁት። ዝም አለ። የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

ከዚያ ራሱ ጀመረ። ካሴቱን የገዛው በ1985 መጨረሻ ነው። ያኔ ታክሲ አልጀመረም፣ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው። አብሮት የሚሠራ አንድ ልጅ ሬዲዮ ያስከፍት ነበርና «ጀስት ዋት አይ ኒድድ»ን ከእሱ ሰምቶ ወደደው። ሲገዛው ያኛው ዘፈን እንዳለበት አያውቅም፣ እንግሊዝኛ ማንበቡም ገና ነበር። መኪና ውስጥ ሲመጣበት ነው ያወቀው።

ላይቭ ኤይድን ከፓርኪንጉ ልጆች ጋር ነው ያየው፣ የጥበቃው ክፍል ውስጥ ባለች ትንሽ ቴሌቪዥን። በዚያን ጊዜ እናቱ፣ አያቴ ማለት ነው፣ የት እንዳለች አያውቅም ነበር። ከቆቦ ወጥተዋል የሚል ወሬ ብቻ ነው የሰማው። «ዘፈኑን አልሰማሁትም» አለኝ። «ፊት ነው የማየው። እሷን ነበር የምፈልጋት። አንዱ ፊት ሳይጠራልኝ ሌላው ይመጣል። ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልፉት።»

አያቴ በሕይወት እንዳለች የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፣ ካሴቱን ከገዛ በኋላ። አያቴን እኔ ደርሼባታለሁ። ይህን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«ቱናይት ሺ ካምስ»ን በቴሌግራም ላክሁለት። ትናንት መልሶ በድምፅ ላከልኝ። ከኋላው ዘፈኑ ይሰማል፣ ከፍ ተደርጎ። «ይሄ ሊድ የሚመታው ልጅ ጎበዝ ነው» ነው ያለኝ። ካሴቱን ሰው ሲመጣ እንድልክለትም ጠየቀኝ። አዲስ አበባ የሚሠራ ቴፕ አለው።


ማሂ ከአዲስ

እኔ እዚህ ነኝ። በሰው ከላክኸው ተቀብዬ ላደርስለት እችላለሁ። አብሬው ብሰማው ደስ ይለኛል።


የፒያሳ ቴፕ ጠጋኝ

ልጄ፣ ከመላክህ በፊት ይህን አድርግ። ካሴቱን ከፍተህ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እይ። ክሩን ከሄዱ ጋር የምታጣብቀው እሷ ናት። በዚያ ዘመን ካሴት ላይ ማጣበቂያው ደርቆ ትወድቃለች። ከወደቀች ከሌላ ካሴት አውጥተህ ለጥፍ፣ ሙጫው ክሩን እንዳይነካ።

ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አንድ ጊዜ አስኪደው። ብዙ ዓመት ያልተነካ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። እዚያች ቦታ ላይ በተለይ። ሻንጣ ውስጥ ስታስገባው ከስልክና ከድምፅ ማጉያ አርቀው፣ ማግኔት አላቸው።

አጎትህ ቴፑ ከዘገየበት ወይ ክር ከበላበት ቺንጋው ለስልሶ ይሆናል። ለማሂ ይስጣት፣ ፒያሳ ይዛልኝ ትምጣ። ቺንጋ አለኝ።